ቆባችንን ያወለቅንበት ቅዳሜ

ለወንድሜ ለሬይኖ፣

ሰላምታዬ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ፣ ሳይደክም ሳይቀዘቅዝ ይድረስህ። እንዴት ነህ ወንድም ዓለም? ደረትህስ? ያ የማዕድን አቧራ ያመጣብህ ሳል ለቀቀህ ወይስ ዛሬም ሌሊት ሌሊት ቁጭ ያደርግሃል? ኖሪን ጉልበቷን ያማታል ብለህ ነበር፣ ተሻላት? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ክሌም ቁመቱ አንተን ደረሰ? ዌንዲ ትምህርቷን ወደደችው? እናንተ ጋ አሁን ሙቀቱ እየበረደ ነው አሉ። እኛ ጋ ሐይቁ ገና እንደ ድንጋይ ነው፤ በረዶው የኩሽናውን መስኮት እኩሌታ ሸፍኖታል። በጠዋት ጠርጌው ከአውቶቡስ ስመለስ እንደነበረ አገኘዋለሁ። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤንም የበላው የምነዳው የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ወንበር ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት እሱ ላይ ተቀምጬ ምን ይቀራል ብለህ ነው።

እናታችን በሕይወት አለች። አስቀድሜ የምነግርህ ያለወትሮው ወፍራም ፖስታ ስታይ ልብህ እንዳይደነግጥ ነው። በረዶው ከመጀመሩ በፊት እንደጻፍኩልህ አረጋውያን ቤት ገብታለች። አልጋዋ መስኮት ሥር ነው፤ መንገዱ ይታያታል። ስትናገር ግን ቃሉ እየጠፋት ሄዷል፤ አንዳንድ ቀን እኔን በአክስታችን ስም ትጠራኛለች። ያንተን ስም ግን አንድ ቀን ስታ አታውቅም።

ልትጠይቀኝ የምትፈልገውን አውቃለሁ። በየዓመቱ በማርች የምጽፍልህ ደብዳቤ ሌላው ሁሉ ቀርቶ «አላለፉም» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ቢኖርበት ይበቃህ ነበር። አሥራ ስድስት ጊዜ ጽፌልሃለሁ። ዘንድሮ ግን አንድ ቃል አልበቃኝም፤ ስለዚህ ተቀምጠህ አንብበው።

የኛን የበረዶ ሆኪ ቡድን፣ እንጨት ቆራጮችን፣ ታውቃቸዋለህ። ከስድስት ቡድን አራቱ ወደ ጥሎ ማለፍ ይገባሉ። አራቱ! በር ላይ የቆመ መንገደኛ እንኳ በግርግሩ ተገፍቶ ይገባ ነበር። የኛዎቹ ግን አንተ ከሄድክ ወዲህ አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳካላቸውም። አሰልጣኝ ለወጥን፤ ማሊያ ለወጥን፤ አንድ ዓመት ቄሱ ሳይቀሩ መጥተው ሜዳውን ባረኩልን፣ በዚያው ሳምንት አሥራ አንድ ለባዶ ተሸነፍን። ቄሱም ሁለተኛ አልመጡም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት እንዲህ ነው። ሰው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አይቀርም። ሲሳደብ ይመጣል፣ ሲሳደብ ይሄዳል፣ በሳምንቱ ደግሞ ያው ወንበር ላይ ነው። ኡርሆን፣ ጎረቤታችንን፣ ለምን ትመጣለህ ብዬ ብጠይቀው «ቤቴ ሆኜ ብናደድ ሚስቴ ላይ ይሆንብኛል» አለኝ።

ያንተን መሐላ ከተማው ሁሉ አልረሳውም። አባባ ጎን ቆመህ፣ ያን ቀን ሰባት ለባዶ ተሸንፈው፣ በመጫወቻው አዳራሽ ደጃፍ ባርኔጣህን በረዶው ላይ ወርውረህ «እነዚህ ጉዶች ጥሎ ማለፍ እስኪገቡ ድረስ እዚህ አገር እግሬ አይረግጥም!» ስትል ሰው በሳቅ ፈነዳ። ለሁለት ዓመት ሥራ ልትሄድ ሻንጣህ ተዘግቷል፤ ማን ቁምነገር ነው ብሎ ይሰማሃል? ዛሬ በዳቦ ቤት ሰልፍ ስቆም «ወንድምሽ መቼ ነው የሚመጣው?» ይሉኛል፤ እኔ አፌን ሳልከፍት ሌላው ከኋላ ሆኖ «ቡድኑ ሲያልፍ!» ይላል፤ ሦስተኛው «አዬ፣ እንግዲያ ቀባሪው ነው የሚያገኘው» ይላል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ቤቴ ስገባ ነው ሆድ የሚብሰኝ።

አሁን አንተ የማታውቀውን አንድ ልማዳችንን ልንገርህ፤ ያለሱ የቅዳሜው ነገር አይገባህም። በመጨረሻዋ ደቂቃ በጎል ወደኋላ የቀረ ቡድን በረኛውን አውጥቶ በሱ ፈንታ አንድ አጥቂ እንደሚያስገባ መቼም አልረሳኸውም። እኛ ሁልጊዜ ወደኋላ የቀረን ስለሆንን የኛ በረኛ ሁልጊዜ ይወጣል። ከዓመታት በፊት አንድ ቀን በረኛው በሩን ጥሎ ሲወጣ ኡርሆ ብድግ ብሎ «አስከሬን ሲያልፍ ቆብ ይወለቃል» አለና ቆቡን አነሳ። ሰው ሳቀ። በሳምንቱ ረድፉ ሁሉ አነሳ፤ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ። ኋላ በኛ በኩል ያለው ሰዓት ተበላሸ፤ የሚሠራው ሌላው ሰዓት ደግሞ በሦስተኛው፣ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ከበረኛው ኋላ፣ ከራሱ በላይ ነው የሚሆነው። ፊቱ ያለነው እኛ ነን። እና ምን ሆነ መሰለህ፣ በረኞቻችን የመጨረሻዋን ደቂቃ ከኛ ቆብ ማንበብ ለመዱ። አራት መቶ ራስ ሲገለጥ ያያሉ፣ ይወጣሉ። ቀልዱ እንዲህ ሆኖ ሥርዓት ሆነ። ሰዓቱን ማስጠገን የሁሉም ሐሳብ ነበር፤ ያስጠገነ ግን የለም።

ዘንድሮ ኤቲየን የሚባል በረኛ መጣልን፤ የእንጨት መሰንጠቂያው ሠራተኛ ነው፣ ሃያ አራት ዓመቱ፣ ዝምተኛ፣ አይኑ በዱላ ከምትመታው ጠፍጣፋ ጎማ ላይ የማይነቀል። እሱ በሩን እንደ እናቱ ቤት ጠበቀልን። ከገና በኋላ ማሸነፍ ጀመርን፤ አልዋሽህም፣ መጀመሪያ ላይ ሰው ደስታውን እንኳ አላወቀበትም፣ ስናሸንፍ እርስ በርስ እንተያይ ነበር። በመጨረሻው ቅዳሜ፣ ከፖርት ሬነር ጋር፣ የሚያስፈልገን አንዲት ነጥብ ብቻ ሆነች። አንዲት ነጥብ! አቻ ብንወጣ እናልፋለን።

አባባ በሰንጢ የቀረጸው የሦስታችን ስም እስካሁን ሦስተኛው ረድፍ አግዳሚ ላይ አለ። በሱ ቦታ ቴርሞሱን አስቀምጣለሁ፣ ባንተ ላይ ካፖርቴን። ያን ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሰው እየቆመ አንድ የፖርት ሬነር እንግዳ መጥቶ «እዚህ ሰው አለ?» አለኝ። «አለ» አልኩት። «የታለ?» አለኝ። «አውስትራሊያ» አልኩት። ሊስቅ ብሎ ፊቴን አየና ትቶኝ ሄደ።

ጨዋታው ሁለት ለሁለት ሆኖ ወደ ማለቂያው ደረሰ። ኤቲየን ያዳነውን ቆጥሬ አልዘልቀውም። ሰው ሁሉ ቆሟል፤ ጥርስ ሲፋጭ ይሰማል። እኔ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ጨዋታውን አላየሁም። ሰዓቱን ነበር የማየው። ሁለት ደቂቃ ሲቀር አንተን ከባቡር ስትወርድ አየሁህ። ሽበት አበጅተሃል፣ ሻንጣህ ያው የድሮው ነው። እናታችንን በተሽከርካሪ ወንበሯ አምጥቻት ጣቢያው ላይ ቆመናል። ይህን ሳስብ ላብ ላብ አለኝ፣ አይኔም ሞላ። ያን እናታችን የሠራችልኝን አረንጓዴ የሱፍ ቆብ አወለቅሁና ፊቴን ጠረግሁበት።

ሬይኖ፣ ቆቤን አወለቅሁ። ልክ የመጨረሻዋ ደቂቃ ስትገባ።

ከኋላዬ ያሉት አዩኝና አወለቁ። አጠገባቸው ያሉት እነሱን አይተው አወለቁ። ማንም አላሰበም፤ እጅ ነው በራሱ የሄደው። ዞር ብዬ ሳይ አዳራሹ በሙሉ ራሱን ገልጧል፤ ኡርሆ እንኳ መላጣው እያበራ ቆቡን ደረቱ ላይ ይዞ ቆሟል። «ልበሱ! ልበሱ!» ብዬ ጮህኩ፤ ሰው ለቡድኑ የምጮህ መሰለውና አብሮኝ ጮኸ። ኤቲየን ቀና ብሎ አየን። ከዚያ በሩን ትቶ መጣ። አጎንብሶ፣ በሙሉ ኃይሉ እየተንሸራተተ፣ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው። ከተጠባባቂው ወንበር አንዱ ጎረምሳ ደግሞ እሱን ሲያይ ዘሎ ገባ፣ እሱም እንደ ልማዱ። አሰልጣኙ ጀርባውን ሰጥቶ ከዳኛው ጋር ይጨቃጨቅ ነበር። ዞሮ ሲያይ እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

የፖርት ሬነር ልጅ ከሜዳው እኩሌታ ነው የመታት። ጎማዋ እየተንሸራተተች፣ እየተንሸራተተች፣ ማንም ሳይነካት ገባች። አትቸኩልም ነበር። አራት መቶ ሰው ቆቡን እንደያዘ ቀረ፤ እውነተኛ ቀብር እንኳ እንዲያ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ከዚያ የእንግዶቹ ደጋፊዎች «ቆባችሁን ልበሱ፣ ይበርዳችኋል! ቆባችሁን ልበሱ!» እያሉ ይዘፍኑብን ጀመር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እኛ ግን የቆጡንም አልፈለግንም፣ የብብታችንን በገዛ እጃችን ነው ያስቀመጥነው።

እስቲ አስበው፤ መሸነፍን እንዲህ ለምደነው ኖሯል። ሳንሸነፍም እንደ ተሸናፊ ነው የምንቆመው።

እሑድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ኤቲየን ነው። በረዶው ላይ ባርኔጣውን ይዞ ቆሟል፤ ሌሊቱን እንዳልተኛ ያስታውቃል። ግባ ብለው እምቢ አለ። «እትዬ አይሊ፣ ወንድምሽ በኔ ምክንያት ቀረ» አለኝ። የመንደሩን ቀልድ ቁምነገር ብሎ የያዘው እሱ ብቻ ነው። የቤቱን መስኮት በበረዶ ሲደበድቡት አድረዋል፤ የመሰንጠቂያው ጓደኞቹ ሰላምታ ነስተውታል። «ውጤቱን አላሰብኩም፤ ቆቦቹን ሳይ እግሬ ራሱ ነዳኝ» አለኝ።

ጎትቼ አስገባሁት። የዓሣ ሾርባ አሙቄ ሰጠሁት፣ ትኩስ ዳቦም። ማንኪያውን ሲያነሳ እኔ መቻል አቃተኝ፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው ነበር፣ አልሆነልኝም። «ኤቲየን፣ መጀመሪያ ቆቧን ያወለቀችው እኔ ነኝ» አልኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ለምን?» አለኝ። «ላብ ብሎኝ» አልኩት። ያ ዝምተኛ ልጅ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፤ ሳቁም ወደ ለቅሶ ሄደ፣ እኔም አብሬው። ለሰው ሁሉ እነግራለሁ፣ ስምህን አጠራለሁ ብለው «ለኔ ግድ የለም፣ በሚቀጥለው ዓመት ይረሱታል፤ ለወንድምሽ ንገሪው» አለኝ። ቢሆንም ሰኞ ዳቦ ቤት ሰልፉ ላይ ቆሜ በአደባባይ ተናገርኩ። ኡርሆ «እኔም አውልቄያለሁ» አለ። ከዚያ ሌላው «እኔም»። በዚያ ቀን አንድ ሰው ሄዶ የልጁን መስኮት ጠረገለት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን እናታችን ጋ መሄድ ነበረብኝ። ታውቃለህ፣ እሷ ስለ ሆኪ ግድ ኖሯት አያውቅም፤ ጎማዋ ክብ ትሁን አራት ማዕዘን አታውቅም። ግን ባለፉት ዓመታት ሁሉ እሑድ እሑድ ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ «አለፉ?» ትለኛለች። ሌላ ትርጉም የለውም፤ «ይመጣል?» ማለቷ ነው። እኔም «ገና ነው እማማ» እላለሁ፤ እሷም ወደ መስኮቱ ትዞራለች። ያን እሑድ አጥንቷ ብቻ አልጋው ላይ ቀርቶ አገኘኋት። እጄን ያዘችኝ። ድምፅዋ አልወጣም፤ በከንፈሯ ብቻ «አለፉ?» አለችኝ።

«አለፉ እማማ» አልኳት።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። አይኗን ብታየው ኖሮ! ነርሷን ጠርታ ፀጉሯን አስበጠረች። ያን በአባባ ጊዜ የምትለብሰውን ሰማያዊ ቀሚስ ከሻንጣ አስወጣች። ትናንት ማታ ስሄድ ለብሳው ተቀምጣለች፣ መብላትም ጀምራለች፤ ነርሷ «ምን አደረግሻት?» አለችኝ። ምን ልበላት? ዋሸኋት ልበላት?

ላንተም መዋሸት እችል ነበር። ምድር ዳርቻ ላይ ተቀምጠህ የከተማችንን የታማራክን ውጤት ከኔ በቀር ማን ይነግርሃል? «አለፉ፣ ና» ብዬ ብጽፍልህ ማን ይከሰኛል? ትናንት እንዲያ ጽፌው ነበር፤ ቀደድኩት። እያወቅህ እንድትመጣ ነው የምፈልገው።

አሁን ደግሞ የማይወደድ ነገር ልናገር፣ አትቀየመኝ። የያዘህ መሐላው አይደለም። እስከ አባባ ቀብር ድረስ መሐላው ነበር ይሆናል፤ ከዚያ ወዲህ እፍረት ነው። አበባ ላክህ፣ አንተ ግን አልመጣህም፤ እኛም ለሰው «መሐላ አለበት» አልን፣ ቀለለን። እናታችንም መሐላ ነው ብላ ማመኑን መረጠች፤ ልጄ ረሳኝ ከማለት ቡድኑ ተሸነፈ ማለት ይሻላታልና። እኔም እንደዚያው። አሥራ ሰባት ዓመት ያን ቀዝቃዛ አግዳሚ ያሞቅሁት ሆኪ ወድጄ መሰለህ? በልጅነታችን እንኳ እንቅልፍ ነበር የሚወስደኝ። እነሱ ካሸነፉ አንተ ትመጣለህ ብዬ ነው። ዘንድሮ ገባኝ፤ እኔም አለመምጣትህን ለምጄዋለሁ። ገና ሳትቀር ቀርቷል ብዬ ቆቤን አውልቄ እቆማለሁ። ከእንግዲህ አልቆምም። ብቻዬን ነኝ ሬይኖ። ክረምቱ ረዘመብኝ። ከአውቶቡሱ ልጆች በቀር ስሜን የሚጠራኝ የለም።

መሐላህን እኔ ፈትቼልሃለሁ። ኡርሆም ፈትቷል፤ ምስክር ሆኖ ፊርማዬን ከታች አኖራለሁ ብሏል፣ ቀልዱን ታውቀዋለህ። የማይፈታው ሰው ካለ እኔ ጋ ይምጣ።

ለኖሪን ጉልበቷን ስሜላታለሁ በላት፤ አይታኝ ባታውቅም እወዳታለሁ፣ አብራህ ብትመጣ አልጋው ሰፊ ነው። ክሌምን ጉንጩን ሳምልኝ፣ እምቢ ካለ ጨብጥልኝ። ለዌንዲ አያቷ በመስኮት እንደምትጠብቃት ንገራት፤ ጥርሷ ባይኖርም ሳቋ እንዳለ ነው። ያን ስሙን የማልይዘውን ውሻችሁንም ጀርባውን እከክልኝ። ከዚህ ኡርሆና ሚስቱ ሰላም ይሉሃል። ኤቲየንም ሰላም ብሎሃል፤ ከጣቢያ እኔ ልቀበለው ብሎኛል፣ መኪና አለው።

ሐኪሙ ስለ እናታችን እስከ ሐይቁ መቅለጥ ብሏል፤ ከዚያ ወዲያ አልነገረኝም። አፈር ስሆን፣ ቶሎ በል። ቡድኑ ሲያልፍ እመጣለሁ ብለህ ነበር፤ እኔም ለእናታችን አልፏል ብያታለሁ። ውሸታም አታድርገኝ።

እህትህ አይሊ
ታማራክ ሐይቅ፣ ኦንታሪዮ
ማርች 23 ቀን 1988